ሁለት ጊዜ የኮመጠጠ ጠላ

ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ አንደኛው ሊያገባ ሆነ። «የሠርግህን ጠላ እኔ እጠምቃለሁ» አልኩት። ብዙ የማልናገር ሰው ስለሆንኩ ቃሌን አምኖ ለሙሽራዋ ዘመዶች ሁሉ አወራ።

የመጀመሪያው ጠላ ኮመጠጠ። ሙቀቱ ነው ብዬ ጌሾውን አበዛሁ፣ በርሜሉን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩት፣ ያደረግኩትንም አንድ በአንድ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ሁለተኛውም ኮመጠጠ።

«ግድ የለም፣ ሰላጣ እናበዛለን፤ ኮምጣጤው እንደሆነ ሞልቷል» አለኝ ሙሽራው። እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቷል፤ የተረፈኝ ጌሾም የአንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

በርሜሉን ግቢ አውጥቼ ስፈትግ ጎረቤታችን መጣች። የወሎ ሙስሊም ናት፤ ሱዳናውያን ቤት ተቀጥራ ትሠራለች።

«ምን በደለህ እንዲህ የምትፈትገው?»

«ይኮመጥጣል፣ እትዬ። በግራዋ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜም እንቢ አለ።»

«እኔ አልቀምሰውም፤ ማሽተት ግን ማንም አልከለከለኝም» ብላ አጎነበሰች። አፍንጫዋን ያስጠጋችው በርሜሉ አፍ ላይ ሳይሆን ከታች ቧንቧው ላይ ነው። «ይቺን ፈትተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። እናቴ ስትጠምቅ ያየሁት በጋን ነው፤ ጋን ቧንቧ የለውም። እኔም ሱቅ ዐረቢ ከሚሉት ገበያ የገዛሁትን የፕላስቲክ በርሜል እንደ ጋን ሆዱን ብቻ ሳጥብ ኖሬያለሁ።

ፈታሁት። ከጎማው ሥር ነጭ፣ የሚያዳልጥ ዝቃጭ ተጋግሯል፤ ሽታው ያው ኮምጣጤ።

«እመቤቴ የውሃ ማቀዝቀዣዋን ቧንቧ በየሳምንቱ ‹ያላ፣ ፍቺ!› እያለች ታስፈታኛለች» አለች። «በሆዴ ስረግማት ኖርኩ። ለካ ሙያ እያስተማረችኝ ነው!»

ቧንቧውን በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣ የፈላ ውሃ አፍስሼበት፣ የካርቱም ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ጎማውን በአዲስ ቀየርኩ። ከዚያ ጠነሰስኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀድቼ ስቀምስ የተቆላው እህልና የጌሾው ምሬት ብቻ መጣ። ብቻዬን ዘለልኩ።

በሠርጉ ቀን የሙሽራዋ አክስት አንድ ጣሳ ጨረሱና ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«ማናት ባለሙያዋ? ትምጣና ልመርቃት!»

ሙሽራው ክንዴን ይዞ ፊታቸው ገተረኝ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ጣሳቸውን ዘረጉልኝ።

«በል ቅዳ፣ ልጄ። ምርቃቱ ከሁለተኛው በኋላ ነው።»