ያልጠፉት እጆች

ባለቤቴ ጨቅላ ሕፃናትን ፎቶ በማንሳት ትተዳደራለች። እኔ መብራቷን እሸከማለሁ፤ ጨርቆቿን አጥባለሁ። «አለቃዬ» የምላት ለቀልድ ይመስላል እንጂ ከምሬ ነው። ሥራዋ ላይ ፈሪ ናት። ሕፃን ስታነሳ ምንጊዜም የአንድ ሰው እጅ ሕፃኑ ላይ ያርፋል፤ በኋላ ኮምፒውተሯ ላይ ቁጭ ብላ ያንን እጅ ታጠፋዋለች። «ብቻውን የተተወ ልጅ አንስቼ አላውቅም» ትላለች።

ባለፈው ሳምንት የሄድንበት ቤት ውስጥ የአሥራ አንድ ቀን ልጅና የስምንት ዓመት ውሻ አሉ። እናትየዋ ሁለቱን ባንድ ፎቶ ፈለገች። አያትየዋ ግን ገና በሩን ሳናልፍ ተቀበሉን።

«እንግዲህ ዛሬ ይለይለታል» አሉ። «ውሻው አንዴ ካጉረመረመባት፣ ነገ ከነገ ወዲያ የለም፣ አሁኑኑ ከዚህ ቤት ይወጣል። ልጄም ተስማምታለች።»

ልጃቸው አንገቷን ደፍታ የውሻውን ጆሮ ታሻሻለች። ሳታገባ ጀምሮ አብሯት የኖረ ውሻ ነው።

ባለቤቴ ይዘን የመጣነውን ነጭ ብርድ ልብስ አነጠፈች፤ ሕፃኗን አስተኛች፤ አያትየዋ እጃቸውን ደረቷ ላይ አደረጉ። ውሻው ቀስ ብሎ መጣ። ብርድ ልብሱን አሸተተ። የጀርባው ፀጉር ቆመና አጉረመረመ።

አያትየዋ ሕፃኗን ላፍ አደረጓት። «አላልኳችሁም?» እናትየዋ ማልቀስ ጀመረች። ውሻው ግን ሕፃኗን ቀና ብሎ እንኳ አላየም። አፍንጫው ከብርድ ልብሱ አልተነሳም።

ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ በፊት በነበረን ሥራ እዚሁ ብርድ ልብስ ላይ የሌላ ቤት ውሻ ተኝቶበት ነበር። ማጠብ የእኔ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ስንፍናዬ ይዞኝ፣ ፀሐይ ላይ አናፍሼ ብቻ አጥፌዋለሁ። ብናገር የባለቤቴ ስም ይጠፋል፤ ዝም ብል ውሻው ይባረራል።

ባለቤቴ አንዴ ብርድ ልብሱን፣ አንዴ እኔን አየች።

«እማማ፣ ጥፋቱ የውሻው አይደለም» አለች። «እዚህ ጨርቅ ላይ ሌላ ውሻ ተኝቶበታል። ሳላጥብ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ያልታጠበ ጨርቅ ላይ ነው ልጃችንን ያስተኛሻት?»

«አዎ። እኔን ይቆጡኝ። እሱን ግን በእኔ ጥፋት አያስወጡት።»

አያትየዋ ዓይን ዓይኗን አዩዋት። ከዚያ ጓዳ ገብተው የሕፃኗን የራሷን ፎጣ አመጡ። «በሉ፣ አንዴ ብቻ!» ብለው ሕፃኗን ፎጣው ላይ አስተኙ፤ እጃቸውንም ደረቷ ላይ መለሱ።

ውሻው ፎጣውን አሸተተ። የሕፃኗን እግር አሸተተ። እናትየዋ አፏን በእጇ ይዛለች። ውሻው በረጅሙ ተነፈሰና አገጩን ከሕፃኗ ተረከዝ አጠገብ አሳርፎ ተጋደመ። ባለቤቴ ቶሎ ቶሎ አነሳች።

ቤት ስንደርስ ማንም ሳይጠይቀኝ ብርድ ልብሱን ዘፈዘፍኩ። እሷ እንደ ልማዷ እጅ ልታጠፋ ፎቶውን ከፈተች። ቆይታ «ና እስቲ እይ» አለችኝ።

የአያትየዋ ቀኝ እጅ የሕፃኗ ደረት ላይ ነው። ግራ እጃቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ የውሻውን ጆሮ ያሻሻል።

ሁለቱንም ሳታጠፋ ላከችላቸው።