የደረጃው መስኮት

ልብስ ሰፊውን በደንብ አውቀዋለሁ ብል ውሸት ይሆናል። ሁለት ሱሪ አሳጥሮልኛል፤ የቀረውን ከእሱና ከጎረቤቶቹ ቃርሜ ነው።

የሚኖረው አንድ ያረጀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ ስለማይወርድ ሰዉ ሁሉ «ሜትሮ» ይለዋል። ከአምስት ዓመት በፊት የደረጃው መስኮት መስታወት ተሰበረና ዝናብና ብርድ ያስገባ ጀመር። ሜትሮ በሳንቃ ደፈነው፤ ፊቱ ላይም መደርደሪያ ሠርቶ ቁርጥራጭ ጨርቁን አስቀመጠበት። ጎረቤቶቹ ሳንቃውን ይዘው አግዘውታል፣ መርቀውታልም።

ብርዱ ቀረ፤ ብርሃኑም አብሮ ቀረ። ሰው በቀትርም እግሩን እያየ መውረድ ለመደ። ያኮረፈውም ያላኮረፈውም እኩል ዝም ብሎ ይተላለፋል። አንዱማ «ለማን ነው ሰላም የምለው፣ ለግድግዳው?» ይል ነበር።

ፊት ለፊቱ የምትኖረው ጡረተኛ ነርስ ብቻ የሜትሮን ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ሳታንኳኳ ትገባ ነበር። ሚስቱ ስትሞት አጠገቡ የከረመችው፣ ከዚያም ወዲህ ደም ግፊቱን የምትለካለት እሷ ነበረች። አንድ ቀን ትንፋሽ አጥሯት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሜትሮ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ መጣ። ቁና ቁና ስትተነፍስ ሰማ፤ በጨለማው ግን ማን እንደሆነች አልለየም፤ ደንበኛም ይጠብቀዋል። «የማንም እንግዳ ይሆናል» አለ በልቡና ጥግ ይዞ አለፋት። ማን እንደነበረች በማግስቱ ከሕንፃው ዘበኛ ሰማ። ከዚያ ወዲያ እሱ ቤት አልመጣችም፤ በሯንም ከውስጥ ትቆልፋለች።

ሦስት ሳምንት ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች ሲል ቆየ። አንድ እሁድ ረፋድ ላይ መዶሻ ይዞ ወጣና ሳንቃውን ይነቅል ገባ።

«ልብሱ አልበቃህ ብሎ ሕንፃውን መተርተር ጀመርክ?» አለው ከላይ የሚወርደው ሾፌር። ቆም ብሎ አየው። «ደግሞ ሸብተሃል እኮ፣ መቼ ነው?»

«አንተ ይህን ሆድ ስታወጣ ነዋ» አለው ሜትሮ።

ነርሷ ድምፅ ሰምታ በሯን ከፈተች። ብርሃኑን በመዳፏ ከለለች።

«መስታወት አስገባበታለሁ፣ እትዬ። ዝናብ አይገባም።»

«ደግ አደረግህ።» መዳፏን አወረደችና፣ «ያን ዕለት ጥሎኝ ያለፈው ሰው አንተ ነበርክ?» አለችው።

ሜትሮ ጎንበስ ብሎ የተበተነውን ምስማር ይለቅም ጀመር። በሩን ሳትዘጋ ጠበቀችው። እሱ ምስማሩን አንድ በአንድ ይለቅም ነበር።