ቄጠማ የተጎዘጎዘበት የጎልፍ ሜዳ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ሣር በማጨድ የሚስተካከለኝ የለም። እሺ፣ በጎልፍ ሜዳችን። እዚያም ያለነው ሁለት አጫጆች ነን።

ዛሬ የክለቡ ሰብሳቢ ሜዳውን ሊያዩ መጡ። ሣሩን ከወደዱት የድርጅታችን የሣር እንክብካቤ ኮንትራት ይታደሳል፤ ካልወደዱት ሁላችንም ወደ ቤታችን።

ሣሩ ደግሞ ፓምፑ ከተበላሸ ጀምሮ ውሃ አላየም። ኳስ በሚገባበት በመጨረሻው ጉድጓድ ዙሪያማ እንደ ሥራ አስኪያጃችን አናት መላጣ ሆኗል።

ይህ ሊቅ ፓምፑን በማስጠገን ፈንታ ጠዋት ጠርቶኝ፣ "ሮጥ ብለህ ከመካኒሳ ቄጠማ ግዛና መላጣው ላይ ጎዝጉዝ" አለኝ።

"በዓል ነው እንዴ ጋሼ?"

"አፍህን ዝጋና ጎዝጉዝ!"

ጎዘጎዝኩ። በመጎዝጎዝም የሚስተካከለኝ የለም።

ሰብሳቢው ኳሷን ቀስ አድርገው መቱ። ኳሷ ቄጠማው ውስጥ ገብታ ቀረች። እሳቸውም አንድ እፍኝ ቄጠማ አንስተው አሸተቱና፣ "እንኳን አብሮ አደረሰን! ድፎ ዳቦውስ?" አሉ።

አለቃዬ ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ ጠቆመ። "ይሄ ነው የጎዘጎዘው!"

"ፓምፑ ይሠራ ስንልዎት ቄጠማ ያስገዙኝ እርስዎ ነዎት!" አልኩት ፊት ለፊት።

ሰብሳቢው የቆመውን ፓምፕ አየት አድርገው፣ "ፓምፑ ተሠርቶ የራሱ ሣር እስኪበቅል ኮንትራቱ አይፈረምም" ብለው ሄዱ። እንጀራችን ፓምፑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የእናንተስ አለቃ ምን አስጎዝጉዞ በእናንተ አሳበበ? ጻፉልኝ፤ የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ፣ ሁሉንም አነባለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬያለሁ። ያቺ ለአለቃዬ የሰጠኋት መልስ የመጣችልኝ ማታ ወደ ቤት ስመለስ፣ ሀይሌ ጋርመንት ስደርስ ታክሲ ውስጥ ነው።