ጌም የማይችለው ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት ፕሪንተሬን ላሠራ ወልድያ ሄጄ፣ ሱቁ ውስጥ አንድ ወጣት አስተማሪ ከእጮኛው ጋር ያገለገለ ዴስክቶፕ ሲመርጥ አገኘሁት። በዋጋው ከተስማማ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጌም ይችላል?» ሲል ጠየቀ። እጮኛው ሳቀች። ባለሱቁ ራሱን ነቀነቀ። «ለጽሑፍ ነው እንጂ ለጌም አይሆንም። ግራፊክስ ካርድ የለውም።»

ይህንኑ መልስ እኔም በዚችው ከተማ ሰምቼዋለሁ፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ አንድ በር ያላት የጽሕፈት ቤት ነበረችኝ። ያለኝ ንብረት አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕና አንድ ፕሪንተር ነው። ቀኑን ሙሉ ማመልከቻና የኪራይ ውል ስጽፍ እውላለሁ። ከበሬ ፊት ለፊት ማንጎና ፓፓያ የሚሸጡ ሴቶች ይቀመጣሉ፤ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሣህናቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። ሙቀቱ ሲበረታ ኮምፒውተሩ እየጋለ ያስቸግረኝ ስለነበር የጎኑን ክዳን ፈትቼ ቬንትሌተሩን ወደ እሱ አዞርኩለት። እኔ በላብ እየተጠመቅኩ እሱ ነፋስ ይቀበል ነበር።

አባቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ከዚያ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ ሲሚንቶ ጭኖ ሲመጣ፣ ሲሪንቃን እንዳለፈ ከመንገድ ወጥቶ ማሳ ውስጥ ተገለበጠ። እግሩ ተሰበረ። «ፍሬን እንቢ አለኝ» አለ፤ ሁሉም አመነው። ያንን ፍሬን በዚያው ሳምንት የሠሩት ደግሞ ጋሽ አስፋው ነበሩ፤ መርሳ ጋራዥ ያላቸው፣ ከአባቴ ጋር የሚካኤልን ማኅበር የሚጠጡ የልብ ወዳጁ። ማንም ፊት ለፊት የወቀሳቸው የለም። ሹፌሮቹ ብቻ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ጋራዥ መሄድ ጀመሩ። እሳቸውም ከማኅበሩ ቀሩ።

የአባቴ እግር ዳነ፤ እሱ ግን አልዳነም። የመኪናው ባለቤት «ቦታህን ጠብቄልሃለሁ፣ ና» እያለ ቢደውልም «እግሬ ገና ነው» ይል ነበር። እኔ ዘንድ መጥቶ በሩ አጠገብ ይቀመጥና የሚያልፉትን መኪኖች በድምፃቸው ብቻ ይለያቸዋል።

ወልድያ የምትማር ጓደኛዬ ሰላም የጭነት መኪና የሚያስነዳ ጌም በፍላሽ አመጣችልኝ። አባዬን ደስ ይለው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ወልድያ የጠየቅሁት ባለሙያ «አይችልም፣ አትድከሚ» አለኝ። እኔም እንቢ ብዬ ሞከርኩት። የምስሉን ጥራት ቀነስኩ፣ ጥላውን አጠፋሁ፣ ዛፎቹን አስወገድኩ። ተራራው እንደ ታጠፈ ካርቶን ሆነ፤ ግን መኪናው ተንቀሳቀሰ! ደስታዬ ከፍርሃት ጋር ነበር። ያ ዕቃ ከተቃጠለ እንጀራችን አብሮ መቃጠሉ ነው።

ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው አፍርቶ፣ መንደሩ ሁሉ የጥንቅሽ አገዳ የሚመጥጥበት ጊዜ። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ ጠራሁት።

«አባዬ፣ እስኪ ና ንዳልኝ።»

«ይሄ ደግሞ መኪና ነው?» አለ፤ ግን ወንበሩን ጎተተ።

መጀመሪያ የፈለገው ስፖኪዮውን ነው። ከኋላው ማንም ሳይኖር ፍሬቻ አበራ። «ጭነት አለው እንዴ? ከብዷል» ብሎ ሳቀ። ከሰባት ወር በኋላ ሳቁን መስማቴ ነበር፤ ፊቱን እንጂ ስክሪኑን ማየት አልቻልኩም።

አንድ ኩርባ ላይ ሲደርስ ምስሉ ቀጥ አለ። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ያህል። ሲመለስ መኪናው ገደል ውስጥ በጎኑ ተኝቷል።

«አይዞህ አባዬ» አልኩ እየሳቅሁ፣ «ማሽኑ አቅቶት ነው። ስታክ አደረገ።»

አልሳቀም። ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ እንዳሉ ቀሩ።

«እንደዚህ ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«መንገዱ ነበረ። ከዚያ አልነበረም። ከዚያ ማሳ ውስጥ ነኝ።» እጁን ከኪቦርዱ አነሣ። «ፍሬኑ ደህና ነበር፣ ልጄ። አልነካሁትም። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው።»

አሁን ድረስ የማፍርበት ነገር ቢኖር መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ነው። «ለማንም አትናገር» አልኩት። የተጠበቀለት ሥራ ታየኝ፤ ጋሽ አስፋው አልታዩኝም።

«ሰባት ወር ሙሉ ለራሴ የምለው እኮ እሱኑ ነው» አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ምርኩዙን አንሥቶ ወጣ፤ ተከተልኩት። ጋሽ አስፋው ከአንድ መኪና ሥር ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ሁለት ሹፌሮች ቆመዋል። አባቴ ገለል እንበል አላለም።

«አስፋው፣ ፍሬኑ ደህና ነበር። ተኝቼ ነው የገለበጥኩት። በድዬሃለሁ።»

ጋሽ አስፋው ጨርቁን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ያንን ፍሬን ሰባት ወር በልቤ ስፈታና ስገጥም ከረምኩ» አሉ። «የትኛዋን ብሎን ዘነጋሁ እያልኩ።» ይተቃቀፋሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «አሁን ሂድ» አሉት፤ «ዛሬ አንተን ማየት አልችልም።»

የመኪናው ባለቤት እውነቱን በስልክ ሲሰማ ዘጋበት፤ ዳግመኛም አልደወለም። አባቴ ከዚያ ወዲህ ትልቅ መኪና ነድቶ አያውቅም፤ ማንጎና ፓፓያ ተክሎ ኖረ። ለጋሽ አስፋውም የሄደው ደንበኛ ቶሎ አልተመለሰም። በኅዳር ሚካኤል ግን የማኅበሩ ተረኞች እኛ ነበርን፤ እሳቸውም ዘግይተው ቤታችን መጡ። ከአባቴ አጠገብ ሳይሆን ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጽዋው ሲዞር ግን ከእጁ ተቀበሉ።

ጋሽ አስፋው አምና አረፉ። ልጆቻቸው አባቴን እጁን ይዘው ከቤተሰቡ መሃል አስቀመጡት፤ እንደ ወንድም አለቀሰ። ያን ቀን ሳየው አንድ ነገር አሰብኩ። ማሽኔ ጥሩ ቢሆን፣ ምስሉም ባይቆም ኖሮ፣ አባቴ ያንን ኩርባ በሰላም ያልፍ ነበር፤ ስቆ፣ አመስግኖኝ፣ ዝም እንዳለ ይኖር ነበር። በዚያ ቀብር ላይ በየትኛው ፊቱ ይቆም ነበር?