ጋሼ ሽኩር ኮረሪማ ለምን ፎቶ ያስነሱ ነበር

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ፣ የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን ያበላሸው ማስነጠስ ነው። ከዚያ በፊት ፎቶ የማነሳው ሰርገኛ ነበር፤ ሰርገኛ አያስነጥስም። ጋሼ ሽኩር የሚባሉ ቅመም ነጋዴ «ኮረሪማዬን በቅርብ አንሺልኝ» ብለው አስጠሩኝ። ትራይፖዱን ተክዬ፣ ማክሮ ሌንሱን ገጥሜ፣ አንዷን ኮረሪማ ነጭ ካርቶን ላይ አስቀምጬ ትንፋሼን ያዝኩ። ይሄኔ አንድ ወዛደር አጠገቤ የበርበሬ ጆንያ ዘረገፈ። ካነጠስኩ በኋላ ኮረሪማዋ የት እንደገባች ያወቀ የለም።

«ይማርሽ» አሉ ጋሼ ሽኩር። «ሰርግ ላይም ሙሽራዋን እንዲህ ታበሪያታለሽ?»

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ሌንሱ ዕቃው ላይ ሲጠጋ ግን ጥርት ብሎ የሚታየው ከጥፍር የሳሳ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎከሱን ጥቂት በጥቂት እያራመድኩ ደጋግሜ አነሳና ፎቶዎቹን በኮምፒውተር አዋህዳቸዋለሁ። በመሐል ጋሪ ካለፈ ወለሉ ይነቃነቃል፤ እንደገና መጀመር ነው። መርካቶ ውስጥ ጋሪ የማያልፍበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ካለ እስካሁን አልነገረኝም።

ፊት ለፊት ጥቁር አዝሙድ የሚሸጡት እትዬ ወይንሸት መንገዱን ተሻግረው ይመለከቱን ነበር።

«አንተ ሽኩር፣ ሚስትህን አንድ ቀን ፎቶ ሳታስነሳ ኮረሪማ ታስነሳለህ?»

«ኮረሪማዋ አትጨቀጭቀኝም» አሉ ጋሼ ሽኩር።

ለውጭ ገዢ የሚላክ ፎቶ ነው ብለውኝ ነበር። አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር፣ ገና ሳይረከቡት፣ ይጠሩኛል። ፎቶውን ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ባለው ትልቅ ቴሌቪዥን አሳያቸዋለሁ። አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠግተው «ይሄ ጥግ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ይላሉ። «ጠጠር ነው» እላለሁ። «ያቺ ቀዳዳስ?» «ነቀዝ።» ወዲያው ወደ አቅራቢው ዞረው «ውሰድልኝ፣ አልረከብም!» ይላሉ። «ገዢውስ ፎቶውን ወደደው?» ስላቸው «ገዢ አይቸኩልም» ብለው ያልፉኛል።

አንድ ጠዋት ጉንፋን ድምፄን ዘግቶት፣ ነጠላ ተከናንቤ ገባሁ።

«ግቢ እህት፣ ምን ልታዘዝ?» አሉኝ።

ቀልደኛ ሰው ስለሆኑ ቀልድ መሰለኝ። በሻከረው ድምፄ «ግማሽ ኪሎ ኮረሪማ» አልኳቸው። ዘገኑ፣ አሸተቱ፣ መዘኑ። «አዲስ ደንበኛ ስለሆንሽ ምራቂ ጨምሬልሻለሁ» አሉ። እየሳቅሁ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ፤ ፎቶ አንሺዋ!» ስላቸው አልሳቁም። ላስቲኩን እንደያዙ ቆሙ።

«በሩን ገፋ አድርጊው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ቀኝ ዓይኔ ከጠፋ ቆየ። ግራው ደግሞ ጉም ውስጥ ነው። ይሄ ሰፈር ከሰማ ጠጠሩን በኮረሪማ ዋጋ ያስረክበኛል።»

ገዢ የሚባል ሰው አልነበረም ማለት ነው። ፎቶውን የሚያስነሱት ራሳቸው ሊያዩበት ነው።

«ለምን ሐኪም አያይዎትም?»

«ሐኪም ካየኝ ሰው ያየኛል።»

«እንግዲያው እኔ ልይዎት» አልኩ።

የበሩ ብርሃን በጎን እንዲመታቸው አድርጌ አስቀመጥኳቸው፤ አገጫቸውን ጆንያ ላይ አስደገፍኳቸው። ኮረሪማ ዓይኗን አታርገበግብም፤ ጋሼ ሽኩር ግን ሲያርገበግቡ፣ ሲያለቅሱ፣ ሲሰድቡኝ ቆዩ። በመጨረሻ የቀኝ ዓይናቸው ፎቶ ጥርት ብሎ ወጣልኝና ቴሌቪዥኑ ላይ አደረግኩት። ጥቁር መሆን የነበረበት መሐሉ ነጭ ሆኗል። ተጠግተው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው? የተበላሸ ነገር ነው።»

«የእርስዎ ዓይን ነው፣ ጋሼ።»

ሌንሱን መጥረግ ጀመርኩ፤ ሌንሱ ንጹህ ነበር።

«ይሄን ሌላ ሰው ቢያመጣልኝ አልረከብም ነበር» አሉ።

አብረን ሐኪም ቤት ሄድን። እትዬ ወይንሸት «ወዴት ናችሁ?» ሲሉን ገዢ ልንቀበል ቦሌ ነን አልናቸው። ሐኪሙ የዓይን ሞራ መሆኑን፣ በቀዶ ሕክምና እንደሚወገድ ነገራቸው። ቀኙ መጀመሪያ፣ ግራው ሰንብቶ ተሠራ።

ሱቅ በተመለሱ ጊዜ ኮረሪማውን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«ረጅም ነበር የመሰልሽኝ» አሉ።

«ፎቶዎቹስ?»

«ጥሩ ናቸው። ግን ከእንግዲህ በነፃ አያለሁ።»

እውነታቸውን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለፎቶ ጠርተውኝ አያውቁም። ሌሎቹን ቅመም ነጋዴዎች ያመጡልኝ ግን እሳቸው ናቸው። ታሪኩንም አሁን ራሳቸው ለሰፈሩ ሁሉ ስለሚያወሩት ነው የምጽፈው። እትዬ ወይንሸት «እኔማ ያኔውኑ አውቄ ነበር» ይላሉ። አላወቁም።

በዚህ ሙያ ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው፤ ሌንስ ከመግጠማችሁ በፊት ፎቶውን የሚያየው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ለማሸጊያ ከሆነ ውበቱን፣ ለሚመርጥ ሰው ከሆነ ጉድለቱን ታነሳላችሁ። መብራቱ የሚቀመጠው እንደ መልሱ ነው።