የአባቷ ሸሚዞች

በዚያ በሽታ ዘመን ነርሷ ልጄ ከአዳር ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ተጣጥባ፣ በቀጥታ ስፌት መኪናው ላይ ትቀመጥ ነበር። ሆስፒታሉ ማስክ አልቆበት ለባልደረቦቿ የምትሰፋው እሷ ነበረች። አንሶላዬም መጋረጃዬም አለቀ፤ ጨርቅ ቤቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል።

አንድ ጠዋት ዓይኗ አልጋዬ ላይ አረፈ። የሟች አባቷን ሸሚዞች እየቆረጠች፣ እየገጣጠመች የሠራችልኝ ገበር የሌለው ብርድ ልብስ አለ፤ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስደኝም።

"እማዬ፣ ልፍታው?" አለችኝ ቀና ብላ ሳታየኝ።

"እስቲ መጀመሪያ ሞክሪው።"

ጨርቅ የምትፈትነው በክብሪት ነበር። ጨርቁን አጥፋ አፏ ላይ ታደርግና በተለኮሰ ክብሪት ላይ እፍ ትላለች፤ እሳቱ ከጠፋ ጨርቁ ትንፋሽ ያሳልፋልና አይሆንም። ክብሪቱን እኔ ያዝኩላት። እፍ አለች። እሳቱ ንቅንቅ አላለም።

"ይሆናል" አለች። ግን ትንፋሿን ሰምቼዋለሁ፤ የሕፃን ያህል እንኳ አልነበረም። ሌላ ክብሪት ጫርኩና እኔው ራሴ በጨርቁ ውስጥ እፍ አልኩበት። ድርግም አለ።

"ሳንባሽስ ከኔ ይሻላል እማዬ" አለች ፈገግ ለማለት እየሞከረች።

"አንቺ እኮ አልቀሻል፣ ልጄ። በይ ተኚ።"

አልጋዋ ጋ እንኳ አልደረሰችም፤ መኪናው ላይ እንደተደፋች እንቅልፍ ወሰዳት። በአባቷ ሸሚዞች ብርድ ልብስ ሸፈንኳት። ብርድ ልብሴ ስለተረፈ ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ አንድ ማስክ እንኳ ሳትይዝ ባዶ እጇን ወደ ሥራ ስትወጣ በመስኮት ሳያት ግን ደስ ማለቴ አሳፈረኝ።