የፈረንጅ መኪናው ስፖንጅ

ዝናብ የመታው ስፖንጅ ሲደርቅ የሚሸት አንድ ሽታ አለ፣ እርጥብ ውሻና ማስቲሽ የተደባለቀበት የሚመስል፤ ጂንካ ከተማ፣ ሶፋ በምሸጥበት ሱቄ ውስጥ ያ ሽታ ሲመጣብኝ፣ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እንኳ በአባቴ እናደዳለሁ።

አባቴ ርካሽ ነገር ሲያይ ራሱን መግዛት የማይችል ነጋዴ ነበር። ከኬንያ በኦሞራቴ በኩል የመጡ ፈረንጆች፣ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና መቀመጫ ያለው ቤት መሳይ መኪናቸው ሞተሩ ከተማችን ውስጥ ሲሞትባቸው፣ ገዝቶ በሰው አስገፍቶ ግቢያችን አስገባውና «ከዛሬ ጀምሮ ሳሎናችን ይኼ ነው» አለን። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለነበር እናቴ በገባች በወጣች ቁጥር እየጎነበሰች «ሳሎን ነው ወይስ ዋሻ?» ትለው ነበር።

በዚያ በጋ ለታላቅ እህቴ ለአስካለ ሽማግሌ ሊላክ መሆኑ ተሰማ። ልጁ አስተማሪ ነው፣ ያውም ሀና የምትባል ሩቅ ከተማ የተመደበ፤ አስካለ ትወደዋለች፣ አባቴ ግን «መኪና በስንት ጊዜ አንዴ ወደሚሄድበት አገር ልጄን አልልክም፤ ሦስቴ ይምጡ፣ ሦስቴም እመልሳቸዋለሁ» ብሎ ምሏል። ቢመልሳቸውም ግን በክብር አስቀምጦ መሆን አለበት። የመኪናውን መቀመጫዎች ስንከፍት ስፖንጁ እንደ ደረቀ ዳቦ እየተፈረፈረ፣ ቢጫ ዱቄት ሆኖ አፍንጫችን ውስጥ ገባ። አባቴ አዲስ መግዛት አልሆንልህ ብሎት የጤፍ ጭድ ጠቀጠቀበት። «ሽማግሌ ሊቀመጥበት ነው ወይስ በሬ ሊበላው?» አለች እናቴ፤ እኔም ጭዱ በጨርቁ እየወጣ ጭኔን ሲወጋኝ ከረመ።

በልግ ሲገባ እጁን ሰጥቶ ከአርባ ምንጭ ስፖንጅ አዘዘ፣ አይሱዙው ደግሞ ሸራ ሳያለብስ በዝናብ ይዞት መጣ። አራት ሆነን እየረገጥን ስንጨምቀው፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ስናወጣው፣ ሲያካፋ ስናስገባው ሰነበትን። ልብስ ሰፊው ጋሽ ማርቆስ በበኩላቸው ልኩን የወሰዱት በክንዳቸው ስለነበር ሽፋኑ ጠበበና ዚፑ ፈነዳ። አባቴ ሲጮህባቸው «ወንድሜ፣ ስፖንጅህ ነው ያበጠው እንጂ ጨርቁማ ልኩ ነው» አሉት። እንደገና ተፈታ፣ እንደገና ተሰፋ።

ዝናቡ ሲያባራ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አባቴ አዲሶቹን መቀመጫዎች በእጁ መታ መታ እያደረገ «ተቀመጡ እንጂ» አላቸው።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ እንደ ወጉ። ጣሪያው ግን ወግ አያውቅም፤ ሦስቱም አንገታቸውን ሰብረው ቆሙ፣ አባቴም እንግዳ ቆሞ መቀመጥ ነውር ስለሆነበት አብሯቸው ጎበጠ።

«እስቲ መጀመሪያ ዐረፍ በሉ፤ አዲስ ስፖንጅ ነው።»

«ስፖንጅ ልናይ አልመጣንም ወንድማችን፣ ልጅ ልንጠይቅ ነው።»

«ተቀምጣችሁስ አትጠይቁም?»

«ቆመን ነው የምንጠይቀው፤ ከፈለግህ እስኪመሽ።»

አስካለ ውጭ፣ መስኮቱ ሥር፣ እጄን እስኪያመኝ ጨምቃ ይዛ ትሰማለች። እናቴ ከበሩ ላይ «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ወገብ አትስበር!» አለችው። አባቴ ሽማግሌዎቹን አየ፣ መቀመጫዎቹን አየና «ሰጥቻለሁ! ሦስት ወር ሙሉ የለፋሁበት ስፖንጅ ነው፣ በሉ አሁን ተቀመጡልኝ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ ቀናቸው ይሳካል ብለው አላሰቡም መሰለኝ፣ ለአፍታ ተያዩ፣ ከዚያ መርቀው ተቀመጡ። አስካለ እጄን ለቀቀችኝ።

ዛሬ ሁሉም ነገር በስልክ ያልቃል። አምና ለልጄ ሽማግሌዎች ሲመጡ፣ ልጆቹ የሠርጉን ቀን ሳይቀር ቆርጠው ጨርሰው ነበር፤ ሰዎቹም «መንገዱ አደከመን» እያሉ እንደገቡ ቁጭ አሉ። ቤቴ ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ረጅም ነው፣ ለመከልከልም ምንም ምክንያት አልነበረኝም። እኔ ግን ቆመው እንዲጠይቁኝ፣ ትንሽም እንዲለምኑኝ ፈልጌ ነበር።